በ500 ብር አዲስ አበባን ያየንበት ቀን
(በማታ ትምህርት ለተሰበሰቡ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ ማታ የምናገረው ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ንጹሕ ውሃ አይደለም። ስለ እነዚያ ባለፉት ሳምንታት ተነጋግረናል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ቀን ነው። አጎቴና እኔ በትንሽ ገንዘብ አዲስ አበባን ስላየንበት ቀን።

«ከተማ ማየት ለኛ ምን ይረባናል? እኛ አዲስ አበባ የምንሄደው ሲቸግረን ነው፤ ወይ ለሕክምና፣ ወይ ለክስ፣ ወይ ለወረቀት» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን ቸግሮት የሄደም ሰው ሥራ ፈት የሚሆንበት ቀን ያጋጥመዋል። ሐኪሙ «ውጤቱ ከነገ ወዲያ ይደርሳል» ይላል። ቢሮው «ነገ ተመለሱ» ይላል። ያን ቀን መናኸሪያ ተቀምጦ ፀሐይ እስክትጠልቅ መጠበቅ ይቻላል። ወይም ተነስቶ የአገርን ዋና ከተማ ማየት ይቻላል። ይህን ለመለየት ታዲያ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እናንተ አሁን የያዛችሁት ነገር ነው። እሱም ፊደል ነው።

አባቴ ያላያት ከተማ

መጀመሪያ የአባቴን ልንገራችሁ። አባቴ እንደናንተው ገበሬ ነው። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለች ደጋ መንደር ገብስና ባቄላ ያመርታል። እኔ ልጅ ሳለሁ በአንድ የመሬት ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ሁለት በግ ሸጦ ገንዘቡን በመቀነቱ ቋጥሮ ነው የሄደው። ያን ጊዜ ማንበብ አያውቅም ነበር።

ላምበረት መናኸሪያ እንደ ወረደ አንድ ጎልማሳ ሰው ቀረበውና «አባቴ፣ ወዴት ነዎት? ላድርስዎት» አለው። አባቴ የሚሄድበትን ቢሮ ነገረው። ሰውየው በታክሲም በእግርም አዙሮ አዙሮ አንድ ትልቅ ሕንጻ ደጃፍ አቆመው። «ለማስፈጸሚያ የሚከፈለውን ይስጡኝና ገብቼ ወረፋ ልያዝልዎት» አለው። አባቴ 800 ብር ቆጥሮ ሰጠው። ሰውየው በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ወጥቶ ሄደ።

አባቴ እስከ ማታ ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ አንድ ዘበኛ አዘነለትና ጠየቀው። ለካ አባቴ የሚፈልገው ቢሮ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት ያለው ሕንጻ ኖሯል! ስሙ በትልልቅ ፊደል በሩ ላይ ተጽፏል። አባቴ ቀኑን ሙሉ ሲያየው ውሏል፤ ግን አላነበበውም።

ወደ ቤት ሲመለስ እናቴ «አዲስ አበባ እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀችው። «እኔ አላየኋትም፤ እሷ ግን አይታኛለች» አላት። ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ ሂድ ቢሉት እምቢ አለ።

ገንዘቡን ከሦስት መክፈል

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። እሱ እንደናንተ በማታ ትምህርት ፊደል ቆጥሯል። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር፣ እህሉ ከአውድማ ከገባ በኋላ፣ ለአንድ ወረቀት አዲስ አበባ መጣ። እኔም በዚያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነበር። ቢሮው እንደተለመደው «ነገ ተመለሱ» አለው። አጎቴም ወደኔ ዞሮ «በል እንግዲህ፣ ከተማህን አሳየኝ» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፈርሁ። አጎቴ ጋቢ ደርቧል። ዱላ ይዟል። የላስቲክ ጫማ ተጫምቷል። የግቢ ጓደኞቼ ከሱ ጋር ቢያዩኝ ምን ይሉኛል ብዬ ሰጋሁ። ላመልጥ ብዬም «ጋሼ፣ ከተማ ማየት እኮ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል» አልሁት። እሱ ግን «ስንት?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ለካ እኔ የተማርሁት ሰው አንድም ቀን አስልቼው አላውቅም!

አጎቴ ያደረበት የአገራችን ሰው ቤት መገናኛ አጠገብ ነበር። በማግስቱ ጧት ገንዘቡን መደብ ላይ ዘረጋና ከሦስት ከፈለው። አንደኛውን ለመመለሻ መሳፈሪያ አደረገ። እሱን በውስጥ ኪሱ ከቶ በመርፌ ቁልፍ ቆለፈበት። ሁለተኛውን ቢሮ ለሚከፍለው ለየ። የቀረው 500 ብር ሆነ። «ለሁለታችን የዛሬው ይኸው ነው። ከዚህ አናልፍም» አለ። ደብተሩን አውጥቶ ቀኑን ጻፈ። ከሥሩም «500» ብሎ ጻፈ። ከቤት የመጣ ቆሎ ነበረን፤ እሱን ቁርስ በላን። የተረፈውን በኪሳችን ያዝን።

እስቲ ይህን ልብ በሉ። ገንዘብ በአንድ ኪስ ከተቀመጠ ሁሉም አንድ ይመስላል። መሳፈሪያውም ሻይ ይጠጣበታል። ቀድሞ የተለየ ገንዘብ ግን ጌታውን አያስደነግጥም።

ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ

መገናኛ ላይ አውቶቡሱም ታክሲውም ብዙ ነው። ረዳቶች ይጮኻሉ፤ ሰው ይጋፋል። አጎቴን እጁን ይዤ ልጎትተው ስል «ተወኝ፤ ላንብበው» አለኝ። ከአውቶቡሱ ግንባር ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበበ። «ስ-ድ-ስ-ት ኪ-ሎ። ይኸው ነው» አለ። ሂሳቡን ከመሳፈሩ በፊት ጠየቀ፤ ዝርዝር አውጥቶ ከፈለ።

ስድስት ኪሎ አደባባይ መካከል አንድ ረጅም ነጭ ሐውልት ቆሟል። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይባላል። ለማየት ምንም አይከፈልም። በሥሩ ዙሪያ ሰው ሲገደል የሚያሳይ ምስል ተቀርጿል። ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ሹም ግራዚያኒ እዚያው አጠገብ በነበረው ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሲሰጥ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ወጣቶች ቦምብ ጣሉበት። ጣሊያኖች ለሦስት ቀን የከተማውን ሕዝብ ጨፈጨፉ፤ ቤቱንም አቃጠሉ። ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡት ድሆችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። አጎቴ ዱላውን ተደግፎ ብዙ ቆመ። «ስማቸው የተጻፈው ጥቂት ነው፤ የሞተው ግን ብዙ ነው» አለ።

ከዚያ ወደ ሰሜን ሲያይ እንጦጦ ተራራ ባሕር ዛፍ ለብሶ ታየው። «ይኼ እንደኛው ባሕር ዛፍ ነው» አለ። አዎ፤ አዲስ አበባ ራሷ ለባሕር ዛፍ ባለዕዳ ናት። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ከተማዋን በፍልውሃ አካባቢ የቆረቆሩት በ1879 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ማገዶና ማገር ጠፋ። ምኒልክም ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩት አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስላደገ ከተማዋ በቦታዋ ቀረች። ስለዚህ ባሕር ዛፍ የሚተክልና የሚሸጥ ገበሬ ለከተማ እንግዳ አይደለም።

ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁለት ነው፤ በእግር ይኬዳል። በመንገዱ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ሙዚየም ማለት የጥንት ዕቃ ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። የመግቢያ ዋጋ አለው፤ ግን ለአገሩ ሰው ከውጭ አገር ሰው ያነሰ ነው። ከምድር በታች ባለው ክፍል ድንቅነሽ አለች። አጥንቷ የተገኘው በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ቦታ ነው። 3 ሚሊዮን 200 ሺሕ ዓመት ያህል ሆኗታል። ይህን ለመገመት አስቡት፤ ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ያለው ዘመን ገና 2 ሺሕ ዓመት ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ግን እንደኛ ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። አጎቴ «አፋር ማለት ያ ጨው የሚመጣበት ቆላ?» አለ። «አዎ ጋሼ» አልሁት። «እንግዲያስ የጥንቱ ነገር ከኛው ጓሮ ነው» አለ።

ወደ ላይኛው ፎቅ ስንወጣ ከጥንት ዕቃዎች ጋር የእርሻ መሣሪያ አየን። አጎቴ ቆመና ሳቀ። «ይኼ እኮ ትናንት በሬ የጠመድሁበት ነው! ለዚህ ነው የከፈልነው?» አለ። አጠገባችን የነበሩ የከተማ ተማሪዎች ዞረው አዩት። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አንዲት ተማሪ ግን ቀርባ «አባባ፣ ይኼኛው ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀችው። አጎቴ በዱላው ከሩቅ እያመለከተ ተናገረ። «ይህ ሞፈር ነው። ይህ ቀንበር። ይህ ማረሻ። እነዚህ ግራና ቀኝ አፈሩን የሚገልጡት ድግር ይባላሉ። ይህ ብረት ወገል ነው፤ እሱ ከላላ እርሻ የለም» አለ። ተማሪዎቹ ከበቡት። አንዱ በደብተሩ ጻፈ። አንዱ በሬ ስንት ሰዓት እንደሚያርስ ጠየቀው። ሩብ ሰዓት ያህል አስተማራቸው።

እኔ ከዳር ቆሜ አዳመጥሁ። ጧት ያፈርሁበትን አሰብሁ። የሚያሳፍረው ጋቢው አልነበረም፤ የኔ ሐሳብ ነበር። ይህን በፊታችሁ የምናገረው፣ ልጆቻችሁ ከተማ ሲማሩ እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢመጣባቸው እንድትነግሯቸው ነው።

አራት ኪሎ ስንደርስ የድሉን ሐውልት አየን። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው የተመለሱት ደግሞ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። አጎቴ ሁለቱን ዓመተ ምሕረቶች ደብተሩ ላይ አንዱን ካንዱ ሥር ጻፈና ቀነሰ። «አምስት» አለ። ትክክል ነበር።

ምሳና ቡና

ምሳ የት እንብላ? ሕግ አወጣን። ዋጋው ደጃፍ ላይ ካልተጻፈ፣ ከመቀመጣችን በፊት እንጠይቃለን። ብዙ የቀን ሠራተኛና ሹፌር የሚበላበት ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ርካሽና ትኩስ ነው። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበረ ሽሮ በላን። ለሁለታችን 180 ብር ከፈልን። መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ ከምታፈላ ሴት ዘንድ ቡና ጠጣን፤ 40 ብር። አጎቴ ወዲያው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ቡና ያፈላችው ሴት «አባባ፣ ከሳሽ ነዎት እንዴ? ምን ይጽፉብኛል?» ብላ ሳቀች። «ራሴን ነው የምከሰው ልጄ» አላት።

ጊዮርጊስ፣ አቡነ ጴጥሮስና ባቡሩ

ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን ወደ ፒያሳ በእግራችን ወጣን። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አለ። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንስቷል። ሐውልቱ የተተከለው በ1923 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን አገሩን ሲወር ነቅሎት ነበር፤ ከድል በኋላ ተመልሶ ቆመ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጣሊያንን ድል ያደረገው ሠራዊት አብዛኛው እንደናንተ ገበሬ ነበር። ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ፣ በእግሩ ተጉዞ ነው የዘመተው። አጎቴ ይህን ስነግረው «የአያቴ አባት ዘምቷል ይባላል» አለ። በዚያው አካባቢ ከኛ ጉብኝት በኋላ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም.፣ የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። እናንተ ስትሄዱ እሱንም ታዩታላችሁ።

ጥቂት ሄድ ሲሉ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። እኒህ ጳጳስ ሕዝቡ ለጠላት እንዲገዛ ስበኩ ቢባሉ እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ተነስቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ።

እዚያ ቆመን ሳለን አንድ ሰው ወደ አጎቴ መጣ። «አባቴ፣ የት መሄድ ፈልገው ነው? ላድርስዎት» አለው። ምናልባት ደግ ሰው ይሆናል፤ አላውቅም። እኔ ግን የአባቴ ነገር ትዝ አለኝና ልቤ ደነገጠ። አጎቴ ፈገግ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ራሴ አነባለሁ» አለው። ሰውየውም ሄደ።

ከዚያ ዝቅ ብለን በቀላሉ ባቡር ተሳፈርን። ይህ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሲሆን ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ሁለት መስመር አለው። ቆመን ጠበቅን፤ ሲመጣም ተጋፍተን ገባን። በመስኮት መርካቶን እያየን አለፍን። ገበያው በመጀመሪያ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሩን ሰው ገበያ ለይተው ወደ መርካቶ ወሰዱት። የእናንተ እህል፣ ቅቤ፣ ማርና ቆዳ ዛሬም እዚያ ይደርሳል። እኛ ግን የምንገዛው ስላልነበረን አልወረድንም። ገበያ ውስጥ ያለ ሥራ መዞር ገንዘብም ኪስም ያስፈታል።

ስታዲየም ወርደን ለገሃርን አየን። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። አሮጌው ባቡር ዛሬ ከዚያ አይነሳም፤ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከከተማው ዳር ይነሳል። ከዚያ መስቀል አደባባይ ሄደን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። የቀረውን ቆሎ በላን። ወጣቶች ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ይሮጡ ነበር። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ በሌላው የባቡር መስመር ወደ መገናኛ ተመለስን። በመንገድ ላይ አጎቴ ሁለት ደብተርና አንድ እስክሪፕቶ ገዛ።

ሂሳቡ

ማታ አጎቴ ሂሳቡን ደመረ። እንዲህ ይላል፦

ለመሳፈሪያና ለመግቢያ — 110 ብር
ለምሳ — 180 ብር
ለቡና — 40 ብር
ለደብተርና ለእስክሪፕቶ — 70 ብር
ድምር — 400 ብር
ተራፊ — 100 ብር

ይህ የዚያ ዓመት ዋጋ ነው። ዋጋ ይለወጣል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን አካሄዱን ያዙ። አካሄዱም ይህ ነው።

አንደኛ፣ የመመለሻችሁን ገንዘብ ቀድማችሁ ለዩ። እሱን በሌላ ኪስ አድርጉ።
ሁለተኛ፣ የምትሄዱበትን ቦታ ስም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። መታወቂያችሁንም አትርሱ።
ሦስተኛ፣ በአንድ አቅጣጫ ያሉትን አንድ ላይ እዩ። እኛ አብዛኛውን በእግራችን ያየነው ለዚህ ነው።
አራተኛ፣ ከመሳፈርና ከመብላት በፊት ዋጋ ጠይቁ። ታክሲ ላይ መውረጃችሁ ሲደርስ ሳታፍሩ «ወራጅ አለ!» በሉ።
አምስተኛ፣ መንገድ ከጠፋችሁ ፖሊስን ወይም ባለሱቅን ጠይቁ። ገንዘባችሁን ግን ለማንም አታስይዙ።
ስድስተኛ፣ በምልክት ብቻ አትሂዱ። ዱሮ «ከትልቁ ዛፍ አጠገብ፣ ከሰማያዊው ሱቅ ማዶ» እየተባለ ይኬድ ነበር። አሁን ከተማው እየፈረሰ ይሠራል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ሱቁ ይፈርሳል፣ ዛፉ ይቆረጣል፤ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ግን አይጠፋም።

አጎቴ በማግስቱ ወረቀቱን ጨርሶ አገሩ ገባ። ያን ደብተር ይዞ አባቴ ቤት ሄደ። ምድጃ ዳር ተቀምጦ ከላይ እስከ ታች አነበበለት፤ ሐውልቱን፣ ድንቅነሽን፣ ሞፈሩን፣ ሽሮውን። አባቴ ዝም ብሎ አዳመጠ። በመጨረሻ «ስንት አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። «400 ብር፤ ያውም ለሁለት ሰው» አለው አጎቴ። አባቴም «እኔ ለብቻዬ 800 ከፍዬ አንድም ነገር አላየሁም» አለ።

አጎቴ መስቀል አደባባይ ሥር ከገዛቸው ሁለት ደብተሮች አንዱን አውጥቶ ሰጠው። አባቴ አሁን ስሙን ይጽፋል፤ ትልልቅ ፊደልም ያነባል። በሚቀጥለው ጥር አብረን አዲስ አበባ ልንሄድ ተቀጣጥረናል። አውቶቡሱን የሚመርጠው እሱ ነው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. አባትየው ቀኑን ሙሉ ከቢሮው ፊት ለፊት ቆሞ ለምን ሳያገኘው ቀረ?
2. አጎትየው ገንዘቡን ከሦስት የከፈለው ለምንድን ነው? እናንተ ገበያ ስትወጡ እንዴት ታደርጋላችሁ?
3. ተማሪው ጧት ያፈረው ለምንድን ነው? በኋላስ ሐሳቡን ለምን ለወጠ?
4. የአጎትየውን ሂሳብ ራሳችሁ ደምሩ። ከ500 ብር ላይ ቀንሱና ተራፊውን አረጋግጡ።
5. አንድ የከተማ ሰው ወደ ቀበሌያችሁ ቢመጣ ምን ታሳዩታላችሁ? አምስት ነገር ጻፉ።